በሳንባ ውስጥ የረጋ ደም፦ ሕክምናውና የአስታማሚው ድርሻ



አንድ ሰው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቁስሉ እየደረቀ ሳለ፣ ወይም አንዲት እናት በሰላም ወልዳ ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ብሎት ሳለ፣ በድንገት ትንፋሽ ያጥራል፤ ደረት ይወጋል፤ ልብ በኃይል ይመታል። አንዳንድ ጊዜም በሽተኛው ራሱን ስቶ ይወድቃል። በአካባቢው ያሉ ሰዎች «ምች መታው»፣ «ብርድ ገብቶት ነው»፣ «ውጋት ይዞት ነው» ይላሉ። ሞት ቢከተልም «ድንገተኛ ሞት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ድንገተኛ ከሚባሉት ሞቶች አንዳንዶቹ በእርግጥ ድንገተኛ አይደሉም። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በፊት በእግር ውስጥ የረጋ ደም ከቦታው ተላቅቆ ወደ ሳንባ በመሄዱ የሚመጡ ናቸው።

ይህ በሽታ ሕክምና አለው። ሳይታከሙ ከቀሩት 10 ሕሙማን ወደ 3 የሚጠጉት እንደሚሞቱ ሲገመት፣ በጊዜው ታውቆ መድኃኒት ከተጀመረላቸው ግን አብዛኞቹ ይድናሉ። መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሐኪም ነው። ነገር ግን የበሽታውን ምልክት አስቀድሞ የሚያየው፣ በሽተኛውን በጊዜው የሚያደርሰውና ከዚያም በኋላ ለብዙ ወራት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ የሚጠብቀው በአልጋው አጠገብ የተቀመጠው አስታማሚ ነው። አስታማሚ ስንል ነርስም የቤተሰብ አባልም ማለታችን ነው። ስለዚህ በየማኅበረ ምእመናኑ ሕሙማንን የሚጎበኙ ወገኖችና በየፕሮጀክቱ የሚሠሩ ሠራተኞች ነገሩን ጠንቅቀው እንዲያውቁት ያስፈልጋል።

፩. ደም በእግር ውስጥ ለምን ይረጋል?

ከልብ የሚወጣው ደም በደም ቅዳ ሥሮች ወደ ሰውነት ይሄዳል፤ በደም መልስ ሥሮች ደግሞ ወደ ልብ ይመለሳል። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ዳገት መውጣት አለበት። ለዚህም የሚረዳው የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ የባት ጡንቻ ደም መልሱን ይጨምቀዋል፤ በሥሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ መዝጊያዎችም ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዱታል። ሰው ለብዙ ቀናት ሳይንቀሳቀስ ከተኛ ግን ይህ ሥራ ይቆማል። በመስኖ ፕሮጀክት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ውኃ በቦይ ውስጥ ሲሮጥ ደለል አይቀመጥም፣ ሲቆም ግን ይዘቅጣል። የቆመ ደምም እንዲሁ ለመርጋት ይመቻል።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሩዶልፍ ቪርኾው የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በሳንባ ሥሮች ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም ብዙውን ጊዜ እዚያው የተፈጠረ ሳይሆን ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ የመጣ መሆኑን አስረዳ። ከእርሱ ሥራ በመነሣት ሐኪሞች እስከ ዛሬ ሦስት ምክንያቶችን ይቆጥራሉ። እነዚህም የደም ፍሰት መቀዛቀዝ፣ የደም ሥር መጎዳትና ደሙ ራሱ ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት የተዘጋጀ መሆኑ ናቸው።

በዚህ መሠረት ይበልጥ ልንጠነቀቅላቸው የሚገባን ሰዎች የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ. ነፍሰ ጡሮችና አራሶች። በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም ቶሎ የሚረጋ ይሆናል። ይህም በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንዳይፈሳት የተሰጣት የተፈጥሮ መከላከያ ነው። ነገር ግን ይኸው መከላከያ አደጋም አለው። አደጋው ይበልጥ የሚያይለው ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ደግሞ የበለጠ ትጋለጣለች።

ለ. ከባድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ ዳሌያቸው ወይም እግራቸው ተሰብሮ በጀሶ የታሰረላቸው ሰዎች።

ሐ. ካንሰር፣ የልብ ድካም፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸው፣ እንዲሁም በማናቸውም ከባድ ሕመም አልጋ የያዙ ሰዎች። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተስፋፋ ጊዜም በጽኑ ከታመሙት መካከል ብዙዎች ደማቸው ይረጋ እንደነበር ታይቷል።

መ. ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ኪኒን የሚወስዱ፣ ከአሁን በፊት ደም ረግቶባቸው የሚያውቅ፣ ወይም ከ4 ሰዓት በላይ በአውቶቡስና በአውሮፕላን ተቀምጠው የሚጓዙ ሰዎች።

፪. ምልክቶቹ

በእግር ላይ የሚታየው ምልክት ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ነው። አንደኛው እግር ያብጣል፤ ባቱ ያማል፤ ሲነኩት ይሞቃል፤ ቀለሙም ሊለወጥ ይችላል። በነፍሰ ጡሮች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በግራ እግር ነው። አስታማሚው በዓይኑ ብቻ መፍረድ የለበትም። የልብስ ሰፊ ሜትር ወስዶ ከጉልበት በታች ካለችው የአጥንት ጉብታ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ወርዶ ሁለቱንም ባቶች ይለካ። ልዩነቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ከባድ ጥርጣሬ ነውና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ያበጠ እግር አይታሽም። እግር ሲያብጥ ወጌሻ ጠርቶ በቅቤ ማሳሸት በየቤቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ እብጠቱ የመጣው ከረጋ ደም ከሆነ፣ ማሸት የረጋውን ደም ከተጣበቀበት አላቅቆ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል።

ደሙ ሳንባ ሲደርስ የሚታዩት ምልክቶች፦ ያለ ምክንያት በድንገት የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር፣ በረዥሙ ሲተነፍሱ የሚብስ ውጋት፣ አንዳንድ ጊዜ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ፈጣን የልብ ምት፣ ላብና ፍርሃት፣ እንዲሁም ራስን መሳት ናቸው። በሽተኛው እነዚህን ሁሉ ላያሳይ ይችላል። እግሩም ምንም ምልክት ሳያሳይ ደሙ ሳንባ የደረሰበት በሽተኛ ብዙ ነው።

በሽታው ከሳንባ ምችና ከሳንባ ነቀርሳ ጋር በቀላሉ ይምታታል። የሳንባ ምች ብዙውን ጊዜ ከትኩሳት ጋር በቀናት ውስጥ እየባሰ ይሄዳል። የሳንባ ነቀርሳ በሳምንታትና በወራት ሰውነትን እያከሳ ይመጣል። የረጋው ደም ግን በአብዛኛው በድንገት ይመጣል፤ በሽተኛውም «እገሌ ሰዓት ላይ ጀመረኝ» ብሎ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ነርሷ «ከመቼ ጀምሮ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ቀጥላ «በቅርቡ ወልደሻል? ቀዶ ሕክምና ተደርጎልሻል? አልጋ ይዘሽ ነበር?» ብላ መጠየቅ አለባት።

፫. በመጀመሪያው ሰዓት የሚደረግ እርዳታ

በቤት ውስጥ ያለው ሰው በሽተኛውን ደገፍ አድርጎ ያስቀምጠው፤ ጠባብ ልብስ ያላላለት፤ መስኮት ይክፈት። በእግሩ አያስኬደው፤ በቃሬዛ ወይም በመኪና ይወሰድ። «እስኪ እስከ ነገ እንየው» ማለት ግን አይገባም። የረጋ ደም አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ የሚያበቃ አይደለም። ከመጀመሪያው ትንሽ ቁራጭ በኋላ ሁለተኛው ትልቅ ሆኖ ሊከተል ይችላል። በሽተኛውን የሚያደርሰው ሰው የወለደችበትን ቀን ወይም ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ቀን በትክክል ይናገር፤ የሚወስደውን መድኃኒትም በእጁ ይዞ ይሂድ።

በጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የልብ ምት፣ የአተነፋፈስ ብዛት፣ የደም ግፊትና የሙቀት መጠን ትለካለች። ጣት ላይ በሚደረገው መሣሪያ የደሙ ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች ሆኖ ካገኘችው ኦክስጅን ትሰጣለች። የደም ሥር መግቢያ ታዘጋጃለች። በሽተኛውን ትመዝናለች፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በኪሎ ነውና። ጉሉኮስ በብዛት መስጠት ግን ይጎዳል። ወደ ሳንባ ደም የሚገፋው ቀኝ የልብ ክፍል በተዘጋው ሥር ምክንያት አስቀድሞ ተጨንቋል፤ ፈሳሽ ሲበዛበት ይበልጥ ይለጠጥና ይደክማል። የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች ከወረደ አደጋው ከፍተኛ ነውና ወደ ሆስፒታል መላኩ ለደቂቃ እንኳ አይዘግይ።

በሆስፒታል በሽታውን በእርግጠኝነት የሚያሳየው የሳንባ ሥሮች ሲቲ ስካን ነው። ሲቲ ስካን በሌለበት ቦታ የእግር አልትራሳውንድ ብዙ ይረዳል፤ በእግር ውስጥ የረጋ ደም ከተገኘና የሳንባው ምልክት ካለ ሕክምናው አንድ ዓይነት ነውና። ሐኪሙ ጥርጣሬው ከባድ ከሆነና በሽተኛው ደም የመፍሰስ አደጋ ከሌለበት፣ የምርመራውን ውጤት ሳይጠብቅ መድኃኒቱን ሊያስጀምር ይችላል።

፬. መድኃኒቶቹ የሚሠሩት ሥራ

ብዙ ሰዎች መርፌው የረጋውን ደም የሚያሟሟ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። ሄፓሪንና መሰሎቹ የሚሠሩት የረጋው ደም እንዳያድግና አዲስ እንዳይፈጠር ማገድ ነው። የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ሰውነት ራሱ ነው። ለዚህም ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ሕክምናው ለወራት የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሄፓሪን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ጄይ ማክሊን በተባለ የሕክምና ተማሪ ምርምር ነው። ዋርፋሪን ደግሞ የመጣው ከከብቶች በሽታ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው እየፈሰሰ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ሊንክና ረዳቶቹ ይህን የሚያመጣውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከእርሱም ተሻሽሎ የተሠራው ዋርፋሪን በመጀመሪያ ለአይጥ መርዝነት ቢውልም፣ ከ1954 ጀምሮ በተመጠነ መልኩ ለሰው መድኃኒት ሆኗል። ስለዚህ «ይህ የአይጥ መርዝ ነው» የሚል ወሬ የሰማ በሽተኛ መደንገጥ የለበትም፤ ልዩነቱ በመጠኑ ላይ ነው። መጠኑን በደም ምርመራ መከታተል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ሕይወት እንደሚያድን በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ባሪትና ጆርዳን የተባሉ ሐኪሞች በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ 35 ሕሙማንን ተከታተሉ። መድኃኒቱን ካላገኙት 19 ሰዎች 5ቱ በዚሁ በሽታ ሞቱ፤ ሌሎች 5ቱም በሽታው ተመለሰባቸው። መድኃኒቱን ካገኙት 16 ሰዎች ግን በዚህ በሽታ የሞተ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ለማነጻጸር ሲባል ሕሙማንን ያለ መድኃኒት ማቆየቱ ቀረ።

ዛሬ የተለመደው መንገድ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ኢኖክሳፓሪን የተባለው የሄፓሪን ዓይነት በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ታስቦ በየ12 ሰዓቱ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። ከዚህ ጋር ዋርፋሪን በአፍ ይጀመራል። ሁለቱ ቢያንስ ለ5 ቀናት አብረው ይሰጣሉ። መርፌው የሚቆመው አይ.ኤን.አር. የተባለው የደም ምርመራ ከ2 እስከ 3 መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ዋርፋሪን ሥራውን እስኪጀምር ቀናት ስለሚፈጅበት መርፌውን ቀድሞ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

አዳዲሶቹ ኪኒኖች ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ይህን የደም ክትትል አያስፈልጋቸውም። የዓለም የጤና ድርጅትም የዚህን ወገን መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቷቸዋል። ይሁን እንጂ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይሰጡም። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ወደ ጽንሱ የማያልፈው ሄፓሪን ነው። ዋርፋሪን ጽንስን ይጎዳል፤ ከወለደች በኋላ ግን እያጠባች ልትወስደው ትችላለች። የረጋውን ደም በቀጥታ የሚያሟሟ ብርቱ መድኃኒትም አለ። ነገር ግን ብዙ ደም ሊያፈስ ስለሚችል የሚሰጠው የደም ግፊታቸው ለወረደና ሕይወታቸው በአፋጣኝ አደጋ ላይ ላለ ሕሙማን ነው።

፭. የነርሷ ጥበቃ

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ነርሷ በአንድ በኩል በሽታው እንዳይብስ፣ በሌላ በኩል ደም እንዳይፈስ ትጠብቃለች። መርፌውን በሆድ ቆዳ ሥር ከእምብርት ራቅ አድርጋ ትወጋለች፤ ቦታውንም በየጊዜው ትለዋውጣለች። የተወጋው ቦታ አይታሽም። በጡንቻ የሚወጋ መርፌ ይቀራል። ደም ከተቀዳበት ቦታ ላይ ለ5 ደቂቃ ያህል ተጭና ትይዛለች። የድድ መድማት፣ ነስር፣ ቀይ ሽንት፣ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ዓይነ ምድር፣ ድንገተኛ የራስ ምታት ወይም የአእምሮ መደናገር ካየች ወዲያው ለሐኪሙ ትነግራለች። በአራስ እናት ዘንድ የምትቀይረውን ጨርቅ ብዛት በየቀኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደም በብዛት ከፈሰሰ ለሄፓሪን ፕሮታሚን፣ ለዋርፋሪን ቫይታሚን ኬ ማርከሻ ሆነው ያገለግላሉ።

በሽተኛው ሲረጋጋና መድኃኒቱ ሥራውን ሲጀምር፣ ሐኪሙ እንደፈቀደ ከአልጋው ወርዶ መራመድ ይጀምር። ቀድሞ ለብዙ ቀናት ማስተኛት የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ግን በአግባቡ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው መራመዱ እንደማይጎዳው ታውቋል።

ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሞት የቀረበ ይመስለዋል። ስለዚህ ብቻውን አይተው። የሚደረግለትን ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ ይንገሩት፤ ቤተሰቡም በአልጋው ዙሪያ ተሰብስቦ ከማልቀስ ይልቅ አንድ ሰው ብቻ እጁን ይዞ ይቀመጥ።

፮. ቤት ከተገባ በኋላ

አብዛኛው ድካም የሚባክነው በዚህ ጊዜ ነው። በሽተኛው በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ደኅና ይሆናል፤ ገንዘብ ያልቃል፤ ሆስፒታሉ ይርቃል፤ ኪኒኑም ይቀራል። ነገር ግን ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር፣ ለአንዳንዱም ከዚያ በላይ ነው። ለበሽተኛው የጸለዩ ወገኖችም «ድነሃልና ተወው» ብለው መድኃኒት ማስቆም የለባቸውም። ጸሎት መድኃኒትን አያስቆምም፤ መድኃኒት መውሰድም እምነት ማጣት አይደለም።

አስታማሚው የሚከተሉትን ያስተውል፦

ሀ. ኪኒኑ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይወሰድ። አንድ ቀን ቢረሳ በማግሥቱ እጥፍ አይዋጥ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደም ምርመራ ቀጠሮውን አያሳልፍ።

ለ. ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የዋርፋሪንን ኃይል የሚቀንስ ቫይታሚን ኬ አላቸው። መብላት አልተከለከለም፤ ከሳምንት ሳምንት መጠኑን እኩል ማድረግ ነው እንጂ። በጾም ወራት በየቀኑ ጎመን የሚበላ፣ ጾሙ ሲፈታ ግን ወደ ሥጋና ወተት የሚዞር ሰው ይህን ለነርሷ ይንገራት፤ ምርመራው በነዚያ ጊዜያት መቀራረብ አለበት።

ሐ. ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የዋርፋሪንንም የአዳዲሶቹን ኪኒኖችም ኃይል ያዳክማል። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ የዋርፋሪንን ኃይል ያበረታሉ። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደም ያፈስሳሉ። ስለዚህ ከሱቅም ከባህል ሐኪምም ማንኛውም መድኃኒት ሳይጠየቅ አይወሰድ። ጥርስ የሚያስነቅል ሰውም አስቀድሞ ይናገር።

፯. ከሁሉ የሚሻለው መከላከል ነው

አራስን ማሳረፍ መልካም ልማድ ነው፤ ዕረፍት ማለት ግን ያለ እንቅስቃሴ መተኛት አይደለም። በሰላም የወለደች እናት በዚያው ቀን ተነሥታ በቤት ውስጥ ብትራመድ ይጠቅማታል። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰውም ሐኪሙ እንደፈቀደ ቶሎ ይነሣ። መነሣት የማይችል በሽተኛ ነቅቶ ባለበት በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚቱን ደጋግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ፤ ውኃም በበቂ ይጠጣ። መንገደኛ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርዶ ይራመድ። ይበልጥ ለተጋለጡት ሐኪሙ በትንሽ መጠን የመከላከያ ሄፓሪን ሊያዝዝ ይችላል።

በየፕሮጀክቱ ያላችሁ ሠራተኞች በሽተኛ ከመምጣቱ በፊት የምትሠሩት ሥራ አለ። በአካባቢያችሁ ካሉት ሆስፒታሎች አልትራሳውንድ ያለው የትኛው ነው? ሄፓሪን ወይም ኢኖክሳፓሪን የሚገኘው የት ነው? አይ.ኤን.አር. የሚመረመረው በየትኛው ላቦራቶሪ፣ በየትኞቹ ቀናት ነው? ሌሊት መኪና የሚሰጠው ማነው? ይህን ሁሉ ጠይቃችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በጤና ጣቢያውና በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ማኅበረ ምእመናን ደግሞ መድኃኒት ለጀመረ በሽተኛ ሁለት ሰዎች ይመድቡ። አንዱ በየሳምንቱ ኪኒኑን ይቁጠርለት፤ ሌላው ለምርመራ ቀኑ የመጓጓዣውን ገንዘብ አስቀድሞ ያዘጋጅለት። ለ3 ወራት የሚደረግ የመጓጓዣ እርዳታ ትንሽ ቢመስልም፣ የተጀመረው ሕክምና እስከ መጨረሻው እንዲደርስ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።